መውረድ ያልተፈቀደለት ክለብ፤ የባራት ኤፍ.ሲ. አጭር ዕድሜ ምን ያስተምራል?

የእግር ኳስ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ረጅም ዕድሜ ስላላቸው ክለቦች ነው። የህንድ እግር ኳስ ሲነሳ የጥናቶች ትኩረት በ1889 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተመሠረተው ሞሁን ባጋንና በ1920 በተመሠረተው ተቀናቃኙ ኢስት ቤንጋል ላይ ያርፋል። ይህ ትኩረት ተገቢ ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት። ለዘመናት የኖሩት ክለቦች አንድ ሊግ እንዴት እንደቆመ ያስረዱናል፤ ሊጉ በምን በኩል እንደሚያፈስ የሚያሳዩን ግን ፈጥነው የጠፉት ናቸው። በእኔ አስተያየት ከእነዚህ መካከል ይበልጥ የሚያስተምረው በፑኔ ከተማ ተመሥርቶ አንድ የሊግ የውድድር ዘመን ብቻ የተጫወተው ባራት ኤፍ.ሲ. ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ክለቡ በኅዳር ወር 2014 ገደማ የአገሪቱ ብሔራዊ ውድድር ወደነበረው አይ-ሊግ በቀጥታ ገባ። በ2015 አጋማሽ ላይ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ጨረሰ፤ ይሁን እንጂ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን አልወረደም። በዚያው ዓመት ራሱን ከሊጉ አገለለና ታሪኩ ተዘጋ። በመጨረሻ ደረጃ የጨረሰ፣ ያልወረደ፣ ግን የጠፋ ክለብ ነው ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥም ከእነዚህ ሦስት ነጥቦች ዝምድና ይነሳል፤ መውረድ የማይችል ክለብ ሲዳከም የሚቀረው መንገድ መጥፋት ብቻ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1996 የተጀመረው ብሔራዊ የእግር ኳስ ሊግ በ2007 በአይ-ሊግ ተተካ። በሁለቱም ዘመናት ከነባሮቹ የኮልካታ ክለቦች ጎን ለጎን በኩባንያዎች የሚተዳደሩ ክለቦች ነበሩ። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሊግ ዋንጫ ያነሣው በፑንጃብ ግዛት በፋግዋራ ከተማ የነበረው የጄ.ሲ.ቲ. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክለብ ነው። እነዚህ ክለቦች ጠንካራ ቡድን ሊገነቡ መቻላቸውን አስመስክረዋል፤ ህልውናቸው ግን ምንጊዜም ከባለቤቱ ኩባንያ ፍላጎት ጋር የተቆራኘ ነበር። የተሽከርካሪ አምራቹ ኩባንያ ክለብ የነበረው ማሂንድራ ዩናይትድ በ2010 ተዘጋ። ጄ.ሲ.ቲ.ም በ2011 ተከተለው፤ ለመዘጋቱ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ሊጉ በቴሌቪዥን በቂ ዕይታ አለማግኘቱ ነበር።

የህንድ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ይህን ክፍተት ለመሙላት የመረጠው መንገድ በቀጥታ የመግባት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ኩባንያ ከታችኛው ዲቪዚዮን ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ መውጣት ሳያስፈልገው አዲስ ክለብ አቋቁሞ በከፍተኛው ሊግ ይጀምራል። ለአዲሱ መጤም በጅማሬው ከመውረድ የሚያድን ከለላ ይሰጠዋል። የከለላው አመክንዮ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን ይዞ የመጣ ባለሀብት በመጀመሪያው ዓመት ወደ ታች ቢወርድ ይሸሻል የሚል ስጋት ነው። የመጀመሪያው ተሞክሮም ሥርዓቱን የሚያወድስ ሆነ። በጄ.ኤስ.ደብልዩ ኩባንያ ባለቤትነት በ2013 የተመሠረተው ቤንጋሉሩ ኤፍ.ሲ. በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2016ም ለእስያ ክለቦች የኤ.ኤፍ.ሲ. ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ።

ባራት ኤፍ.ሲ. የዚህ ስኬት ተከታይ ሆኖ ተወለደ። ባለቤቱ መቀመጫውን በፑኔ ያደረገው ካልያኒ ግሩፕ ነው፤ የክለቡ ስምም የዚህ ቡድን ዋና ኩባንያ ከሆነው፣ የተሽከርካሪ ብረት ክፍሎችን ከሚያመርተው ባራት ፎርጅ ጋር አንድ ነው። ፈቃዱን ካገኘበት ጊዜ አንሥቶ ሊጉ እስከተጀመረበት እስከ ጥር 17 ቀን 2015 ድረስ የነበረው ጊዜ ከሁለት ወር ብዙም የሚዘልቅ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ውስጥ እንግሊዛዊው ስቱዋርት ዋትኪስ በአሰልጣኝነት ተቀጠሩ፤ እንደ ጉራማንጊ ሲንግ ያሉ በብሔራዊ ቡድን ልምድ ያካበቱ ተጫዋቾችም ተሰባሰቡ። በሁለት ወር ቡድን መሰብሰብ ይቻል ይሆናል፤ ክለብ መመሥረት ግን አይቻልም።

ከጊዜው ማጠር ይልቅ ከባዱ ችግር የቦታው ጉዳይ ነበር። ቤንጋሉሩ ኤፍ.ሲ. ሲመሠረት በከተማዋ በከፍተኛው ሊግ የሚጫወት ሌላ ክለብ አልነበረም፤ ስለዚህም ደጋፊ የሚያሰባስብበት ባዶ ስፍራ አገኘ። ባራት ኤፍ.ሲ. ሲገባ ግን ፑኔ አስቀድሞ ሁለት ክለቦች ነበሯት። አንደኛው በ2007 ተመሥርቶ ከሁለተኛ ዲቪዚዮን በራሱ ጥረት ያደገውና በ2012–13 የአይ-ሊግ ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰው ፑኔ ኤፍ.ሲ. ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጥቅምት 2014 በተጀመረው የህንድ ሱፐር ሊግ የሚወዳደረው ኤፍ.ሲ. ፑኔ ሲቲ ነበር። ሦስቱም በባሌዋዲ በሚገኘው አንድ ስታዲየም ተጠቅመዋል። የከተማዋ ተመልካች በጥቅምትና በኅዳር ፈረንሳዊውን ዳቪድ ትሬዜጌን በፑኔ ሲቲ መለያ ካየ በኋላ፣ በጥር ወር በዚያው ሜዳ ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ሌላ ክለብ እንዲደግፍ ተጠየቀ ማለት ነው።

በሊጉ የተሳተፉት ክለቦች 11 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 20 ጨዋታ አደረጉ። ውድድሩ በግንቦት 31 ቀን 2015 ሞሁን ባጋን ከቤንጋሉሩ ጋር አንድ ለአንድ ተለያይቶ ዋንጫውን ሲያነሣ ተጠናቀቀ። ባራት ኤፍ.ሲ. 11ኛ ሆነ። ከለላ ስለነበረው ግን በእርሱ ምትክ 10ኛ የሆነው የጎዋው ዴምፖ ወረደ። ዴምፖ ብሔራዊውን ሻምፒዮና 5 ጊዜ ያሸነፈ ክለብ ነው። ከሳምንታት በኋላ የሆነው ደግሞ ነገሩን ይበልጥ መራራ አደረገው፤ ዴምፖ ቦታውን የለቀቀለት ባራት ኤፍ.ሲ. በዚያ ቦታ አልተቀመጠበትም፤ ሊጉን ጥሎ ሄደ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ቀላል ማብራሪያ አለ፤ ቡድኑ ደካማ ስለነበር ጠፋ የሚል። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። በዚያው ዓመት ከ11ዱ ክለቦች በፈቃዳቸው የወጡት ሦስት ናቸው። ከባራት ኤፍ.ሲ. ሌላ በሦስተኛነት የጨረሰው የሺሎንጉ ሮያል ዋሂንግዶ ወጣ፤ ከታች ተነሥቶ ያደገው ፑኔ ኤፍ.ሲ.ም እንዲሁ ወጣ፤ አካዳሚውን ኋላ ኤፍ.ሲ. ፑኔ ሲቲ ተረከበው። የመጨረሻውም፣ ሦስተኛውም፣ ነባሩም፣ አዲሱም በአንድ በር ከወጡ ምክንያቱን በነጥብ ሠንጠረዥ ውስጥ መፈለግ ዋጋ የለውም።

ምክንያቱ ያለው በሊጉ አወቃቀር ነው ባይ ነኝ። የአንድ ሊግ ክለብ ከሁለት ነገሮች መካከል ይኖራል፤ ከታች የመውረድ ስጋት፣ ከላይ የማደግ ተስፋ። ስጋቱ ባለቤቱን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ገንዘብ እንዲያወጣ፣ ደጋፊውንም በክፉ ቀን እንዲሰበሰብ ያስገድዳል። ተስፋው ደግሞ የዛሬውን ኪሳራ የነገ መዋዕለ ንዋይ ያደርገዋል። በ2014–15 አይ-ሊግ ሁለቱም ተደፍነው ነበር። የሱፐር ሊጉ ቡድኖች በውድድር ውጤት ሳይሆን በጨረታ የተመረጡ 8 ቡድኖች ስለነበሩ የአይ-ሊግ ክለብ አሸንፎ ወደዚያ የሚያድግበት መንገድ አልነበረም። ይህ የሁሉም ክለቦች ችግር ነው። በባራት ኤፍ.ሲ. ላይ ግን የመውረድ ከለላው ሲጨመር ወለሉም ጣሪያውም ተዘጋ። ለመዳን የሚጫወትለት፣ ለማደግም የሚጫወትለት ነገር ያጣ ክለብ በኩባንያ መዝገብ ላይ ከማስታወቂያ ወጪ የሚለይበት ነገር የለውም፤ የማስታወቂያ ወጪ ደግሞ የሚሰረዘው በአንድ ስብሰባ ነው።

መውረድ እንደ ቅጣት ብቻ ስለሚታይ የሚሰጠው ጥቅም ይዘነጋል። የወረደ ክለብ የሚቀጥለው ዓመት የጨዋታ መርሐ ግብር አለው። የት እንደሚጫወት፣ ከማን ጋር እንደሚጫወት፣ ስንት ነጥብ ቢያገኝ እንደሚመለስ ያውቃል። ራሱን ያገለለ ክለብ ግን አድራሻ የለውም። የኋላው ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። የወረደው ዴምፖ ብዙ ውጣ ውረድ አልፎ በ2024–25 ወደ አይ-ሊግ ተመልሷል፤ በእርሱ ኪሳራ የዳነው ባራት ኤፍ.ሲ. ግን የለም።

ነገሩ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በቸልታ ማለፍ ይቻል ነበር። ዳሩ ግን በማግስቱ ተደገመ። ለ2015–16 በቀጥታ የገባው ሌላ የፑኔ ክለብ ዲ.ኤስ.ኬ. ሺቫጂያንስ ከ9 ክለቦች 9ኛ ሆነ፤ እርሱም ከለላ ስለነበረው በምትኩ 8ኛ የሆነው የሚዞራሙ አይዛውል ኤፍ.ሲ. ወረደ። አይዛውል ከሊጉ የጠፋ መስሎ ሳለ የጎዋ ክለቦች ከውድድሩ በመውጣታቸው ቦታው ተመለሰለት፤ በ2016–17ም በአሰልጣኝ ኻሊድ ጃሚል መሪነት የህንድ ሻምፒዮን ሆነ። ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ ብሔራዊውን ሊግ ያሸነፈ የመጀመሪያው ክለብ ነው። የሺቫጂያንስ ቡድን ግን ከዚያው የውድድር ዘመን በኋላ ፈረሰ። በሁለት ተከታታይ ዓመታት ደንቡ የጠበቃቸው ጠፉ፤ ደንቡ የጣላቸው ቆዩ።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው በቀጥታ የገቡ ክለቦች ዋንጫ አንሥተዋል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ከቤንጋሉሩ ሌላ በ2016–17 በቀጥታ የገቡት ሚነርቫ ፑንጃብና ቼናይ ሲቲ በ2017–18 እና በ2018–19 ተከታትለው ሻምፒዮን ሆነዋል። ነገር ግን ዋንጫ የዘላቂነት መለኪያ አይደለም። ቼናይ ሲቲ ሻምፒዮን ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ በሊጉ ውስጥ አልነበረም። የሚነርቫ ቀጣይ የሆነው የፑንጃብ ክለብ ግን በ2022–23 አይ-ሊግን አሸንፎ ወደ ሱፐር ሊግ በማደግ የመጀመሪያው ሆነ። በሁለቱ ሻምፒዮኖች ዕጣ መካከል ያለው ልዩነት ጣሪያው ሲከፈት ማን በቦታው ተገኘ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከፑኔ ኤፍ.ሲ. የሚነሣ ነው፤ ይህ ክለብ ደረጃ በደረጃ አድጎ፣ ያለ ልዩ ከለላ ተጫውቶም ቢሆን ተዘግቷል። ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ የመውረድ ስጋት ብቻውን ክለብን እንደማያቆም ያስገነዝባል። የእኔ መልስ ስጋቱ ያለ ተስፋው ግማሽ ነው የሚል ነው። ለፑኔ ኤፍ.ሲ. የተዘጋው ጣሪያው ነበር፤ ለባራት ኤፍ.ሲ. ሁለቱም። ኤፍ.ሲ. ፑኔ ሲቲ ራሱ፣ መውረድ በሌለበት ሱፐር ሊግ ውስጥ ሆኖ፣ በ2019 ሕልውናው አክትሞ ቦታውን የሃይደራባድ ቡድን መውሰዱም መዘንጋት የለበትም። ያቺ ከተማ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ክለቦችን አጣች። ስለዚህ ፑኔ እግር ኳስ አትወድም ብሎ ከመደምደም በፊት፣ እንድትወደው የቀረበላት እግር ኳስ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ማን ቃል ገብቶላት ነበር ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛው ለሊግ አስተዳዳሪዎች ነው። አዲስ ባለሀብት በቀጥታ እንዲገባ ከተፈለገ የሚሰጠው ከለላ ከመውረድ ሳይሆን ከመፍረስ ሊሆን ይገባል። ክለቡ ሲገባ የተጫዋቾችን ውልና የታዳጊ ቡድኖችን ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ የሚሸፍን ዋስትና በፌዴሬሽኑ ዘንድ ቢያስይዝ፣ ባለቤቱ ቢወጣ እንኳ ክለቡ በታችኛው ዲቪዚዮን የሚቀጥልበት ዕድል ይኖራል። የሚወርድ ክለብ ቢኖርም በሜዳ ላይ በተገኘ ውጤት ይውረድ፤ 10ኛ የሆነ ክለብ 11ኛ በሆነው ምትክ የሚወርድበት ሊግ የራሱን ሠንጠረዥ ራሱ የሚክድ ሊግ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ለእኛ ለተመራማሪዎች ነው። ስለ ስፖርት ተቋማት ስናጠና ምሥረታን ከመመዝገብ ያልተናነሰ ትኩረት ለአወጣጥ እንስጥ። ክለቡ በመውረድ ወጣ? በኩባንያ ውሳኔ ተዘጋ? ፈቃድ ተነፍጎ ነው? ወይስ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ? እነዚህን በአንድ ዓምድ «ተቋረጠ» ብለን ስንጠቀልል የዴምፖና የባራት ኤፍ.ሲ. ዕጣ አንድ ይመስላል። ሁለቱን የሚለያቸው ግን መሠረታዊ ነገር ነው። አንዱ ተሸንፎ ወረደ፤ መሸነፍም የጨዋታው አካል ስለሆነ የመመለሻ መንገድ ነበረው። ሌላው ግን ከሽንፈት ተጠብቆ ከጨዋታው ወጣ።