እንጀራው ከምን እንደተጋገረ ይነገረን

ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምግብ ቤቶችና እንጀራ ጋጋሪዎች የሚጠቀሙበትን ዱቄት ለተመጋቢው እንዲገልጹ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸናና ከሞጣ አገር፣ ከሮብ ገበያ ነው የምጽፍላችሁ። አገራችን የጤፍ አገር ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ጤፋችን በአይሱዙ ተጭኖ፣ በደጀን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ መርካቶ እህል በረንዳ ይራገፋል። ከዚያ በኋላ ከየትኛው ዱቄት ጋር ተደባልቆ በማን ምጣድ ላይ እንደሚወጣ ልታውቁ የሚገባችሁ እናንተ ናችሁ። እኔ ስለ ዋጋው ልከራከር አልመጣሁም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተመጋቢ “ይህ እንጀራ ከምን ተጋገረ?” ብሎ ሲጠይቅ እውነተኛ መልስ ያግኝ።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ልጅ ነው። ሆዷ እየተነፋ፣ እያስቀመጣት፣ ደሟ እያነሰ ለዓመታት ተንገላታለች። አሜባ ነው ተብላ ታከመች፤ ጃርዲያ ነው ተብላም ታከመች፤ ጠበልም ገብታለች። በመጨረሻ እናንተው ከተማ ውስጥ ሐኪም ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለባት ነገራት፤ ሕክምናው ክኒን ሳይሆን ስንዴንና ገብስን ዕድሜ ልክ መተው ነው አላት። እናቷ ይህን ስትሰማ “እሰይ! ጤፍ ካልተከለከለችማ ምን ችግር አለ?” ነበር ያለችው። እቤት ውስጥ እውነቷን ነው። ዳቦው፣ ቅንጬው፣ በሶው፣ በገብስ ብቅል የተጠመቀው ጠላ ቀረባት፤ ማኅበር ቤት ድፎ ሲቆረስ እጇን ትሰበስባለች። ሌላው ሁሉ ጤፍ ነው፤ ጤፉም የገዛ ማሳችን ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ለክትትል አዲስ አበባ ስትገባ ነው።

በሽታው ብርቅ አይደለም፤ በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል። ሊጥ ሲቦካ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ሆዳቸው ሲገባ የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ ትንሹን አንጀት ያቆስለዋል፤ የቆሰለ አንጀት ደግሞ ምግብ አይመጥም። ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑን ያረጋገጠው ዊለም ዲከ የሚባል ሆላንዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነው። አስቀድሞም ይጠረጥር ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አገሩ ዳቦ ባጣችበት ክረምት ጥርጣሬው በረታ።

ሆላንድ ከተነሣች አይቀር፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ጤፍ እነዚህን ሕመምተኞች የሚጎዳው ግሉተን እንደሌለው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ያወጡትም የዚያው አገር ተመራማሪዎች ናቸው። እዚያው አንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄትን በስሙ አስመዝግቦ ለዓመታት አንገብግቦናል፤ የሄግ ፍርድ ቤት ምዝገባውን በሆላንድ ውድቅ ያደረገው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጤፍ የእኛ ነው ብለን ጮኸን ነበር። ጮኸን ያስከበርነውን ጤፍ ግን በዋና ከተማችን ሳይደባለቅ ለማግኘት ዘመድ ያስፈልጋል።

ከልጅቱ ጋር ምሳ ፍለጋ መውጣት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። “እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው?” ስንል መልሱ የትም አንድ ነው፦ “አዎ፣ ማኛ ነው!” አስተናጋጁ እየዋሸ አይደለም፤ አያውቅም። ባለቤቱም አያውቅም። እንጀራውን ያመጣው አከፋፋይ ነው፤ አከፋፋዩ ከጋጋሪ ተረክቧል፤ ጋጋሪዋ የተዘጋጀ ዱቄት ገዝታ ሊሆን ይችላል። ከተሜው በንጣቱና በዓይኑ ይመዝነዋል፤ እኛ ደግሞ የተደባለቀ እንጀራ ሲያድር እንደሚፈረፈር እናውቃለን፤ ግን ምሳ የሚበላ ሰው እስኪያድር አይጠብቅም። የተደባለቀው ሩዝ ወይም በቆሎ ከሆነ እሰየው፣ ልጅቱን አይነካትም። ስንዴ ወይም ገብስ ከሆነ ግን አለቀላት። አንድ ቀን “ማኛ ነው” ተብላ የበላችው አልጋ ላይ ጥሏታል። ስለዚህ ክትፎ ቤት እንገባለን፤ ክትፎውን በቆጮ ትበላለች። ጾም ሲሆን ይህም ይቀራል። ያኔ ያለው ከቤት የመጣ ድርቆሽ ነው፤ ጤፉን በአይሱዙ ልከን ድርቆሹን በፌስታል ይዘን እንከተለዋለን።

ሕግ የለም አልልም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። እንጀራ ውስጥ ጄሶ ጨመሩ የተባሉ ሰዎች ሲያዙም በዜና ሰምተናል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ስንዴ ግን ጄሶ አይደለም፤ ምግብ ነው። ባዕድ ነገር የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ስንዴ ቢያገኝ ጥፋት አገኘሁ አይልም። የእህቴን ልጅ የሚጥላት ይኸው ማንም ጥፋት የማይለው ዱቄት ነው።

መደባለቅ ይከልከል ማለቴ አይደለም። የጤፍን ዋጋ አምራቹ እኔም አውቀዋለሁ፤ ደባልቆ ባይጋገር የከተማው ድኃ እንጀራ ባልቀመሰ። በተደባለቀ እንጀራ ልጆች ያሳደገች እናት ወንጀለኛ አይደለችም። ደባልቆ “ንጹሕ ማኛ” ብሎ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው፤ ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ በሽታ ነው።

ዋሺንግተን ያሉ ወገኖቻችንም ይደባልቃሉ። ነገር ግን እዚያ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ ቀድሞ ለደወለ ደንበኛ የጤፍ ብቻ እንጀራ ለይተው ያቀርባሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ምግብ ቤት ሁሉ ግሉተን ያለበትን ምግብ ለተመጋቢው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ፓስታ ያስለመደችን ጣሊያን እንኳ ለሴሊያክ ሕመምተኞቿ የምግብ መግዣ ድጎማ በየወሩ ትሰጣለች። እኛ ድጎማ አልጠየቅንም።

የምንጠይቀው ይህን ነው። እንጀራ ጋግሮ የሚያከፋፍል ሁሉ የዱቄቱን ዓይነት በጽሑፍ ለምግብ ቤቱ ይስጥ፤ ምግብ ቤቱም “ጤፍ ብቻ”፣ “ጤፍና ሩዝ”፣ “ጤፍና ስንዴ” ብሎ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ። “ጤፍ ብቻ” ያለውን ደግሞ እናንተ ናሙና ወስዳችሁ አስመርምሩ። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ “ከግሉተን ነፃ” ለሚባል ምግብ ያስቀመጠው ወሰን በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። ወፍጮው ያስቸግራል፤ ስንዴ በተፈጨበት ድንጋይ ጤፍ ሲከተል ቅሪቱ ይገባል፤ ምጣዱም እንደዚያው። ይህን በአንድ ዓመት አታስተካክሉትም፤ እኛም በየወፍጮ ቤታችን አላስተካከልነውም። ጽሑፉን መለጠፍ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሁሉንም በአንዴ መድረስ ካልቻላችሁ በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች ዙሪያ ካሉት ምግብ ቤቶች ጀምሩ፤ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሕመምተኛና አስታማሚ የሚበላው እዚያ ነው። መቼ እንደምትጀምሩም በሬዲዮ አስነግሩ፤ ሮብ ገበያ ሆነን እንሰማለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሮብ ገበያ ጤፍ አምራች

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን