«ቤቶች!» ሳይሉ መግባት

አባት፣ እናትና ልጆች ሆኖሉሉ ላይ መርከብ ይሳፈራሉ። በሰባት ቀን የሃዋይን ደሴቶች ዞረው፣ የአበባ ጉንጉን አጥልቀው ይመለሳሉ። «ገነትን አየን!» ይላሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ገነቲቱ የማን ናት?

ሃዋይ ራሷን የቻለች መንግሥት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1893 የስኳር ከበርቴዎችና ጠበቆቻቸው፣ ከጦር መርከብ የወረደውን የአሜሪካ ወታደር ተገን አድርገው ንግሥት ሊሊኡካላኒን ከዙፋን አወረዱ። በ1898 አሜሪካ ጠቀለለቻት። በ1993 ኮንግረሱ ይቅርታ ጠየቀ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም።

«ቱሪስት ቢቀር ሕዝቡ ምን ይብላ?» የሚለን አይጠፋም። እና፣ መሬቱን የተነጠቀ ሰው የሌላውን አልጋ ሲያነጥፍ ይኑር ማለት ነው? በ2023 ከደሴቶቹ በአንዷ፣ በማዊ፣ የላሃይና ከተማ ነድዳ ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ገና ሆቴል ተጠግቶ ሳለ፣ ጎብኚው «ና!» ተባለ።

ሽርሽር አንጠላም፤ ልጆችም ባሕር ይዩ። ግን በእኛ ወግ እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። የ1893ቱ መርከብ አላለም። የዛሬውም አይልም። የሚሄድ ይሂድ፤ መጀመሪያ ግን የባለቤቱን ስም ይወቅ፣ ለልጁም ይንገር!