የማያውቁህ ሰዎች ሲስቁ

በወሎዋ ባቲ ጨዋታ አዋቂ ጠፍቶ አያውቅም። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ አለው። በርጫ ላይ ሲቀመጥ ሰው ዙሪያውን የሚከበው፣ ሠርግ ቤት ሲገባ ዳሱ የሚሞቅለት፣ ለቅሶ ቤት እንኳ በሦስተኛው ቀን ሐዘንተኛውን ፈገግ የሚያሰኝ ልጅ አይጠፋም። እነዚህን ልጆች ባየሁ ቁጥር የሚቆጨኝ ነገር አለ፤ ዕድሜያቸው ሠላሳን ሲሻገር አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ባጃጅ ይነዳሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ፣ ዐረብ ሀገር ይሄዳሉ። ችሎታው ከእነሱ ጋር አለ፤ ያጡት የሚሞክሩበትን ቦታ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ቦታ ነው። በባቲና በከሚሴ፣ በወር አንድ ጊዜ፣ የፈለገ ሰው ስሙን አስመዝግቦ ለአምስት ደቂቃ ማይክ የሚይዝበት የኮሜዲ መድረክ ያስፈልገናል። ኦፕን ማይክ የሚባለው ይኸው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሊሞክር የፈለገ ቀደም ብሎ ይመጣና ስሙን ዝርዝሩ ላይ ያሰፍራል። መድረክ መሪው በተራ ይጠራዋል፣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከአዳራሹ ጀርባ መብራት ያሳየዋል። ልጁ ይወርዳል፣ ቀጣዩ ይወጣል። ዳኛ የለም፣ ሽልማት የለም፣ አንደኛና ሁለተኛ የለም። ይህ የመጨረሻው ነገር እንዳይዘለል አደራ እላለሁ። እኛ ሀገር ወጣት ብዙውን ጊዜ መድረክ የሚያገኘው ውድድር ሲዘጋጅ ነው፤ በውድድር ደግሞ አንዱ ያሸንፍና ሌሎቹ ሁሉ ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ። ኮሜዲያን ግን የሚሠራው ከተሸኘ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ነው።

በርጫ ላይ የሚያስቅ ልጅ ለምን መድረክ ያስፈልገዋል የሚል ይኖራል። የበርጫ ሳቅ የወዳጅ ሳቅ ስለሆነ ነው። ስለ አጎትህና ስለጠፋችው ፍየሉ ስትቀልድ፣ አጎትህን ያውቁታል፣ ፍየሏ የጠፋችበትን ቀን ያስታውሳሉ፣ ገና አፍህን ስትከፍት ወዴት እንደምትሄድ ገብቷቸዋል። የቀልዱን ግማሽ የሚሠሩልህ እነሱ ናቸው። መድረክ ላይ ግን ከፊትህ የተቀመጠው ሰው ከሐርቡ የመጣ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ አጎትህን አያውቅም፣ ፍየሏም ግድ አትሰጠውም። አጎትህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነና ያን ቀን ምን ፈልጎ እንደነበር በሁለት ዐረፍተ ነገር ልትስልለት ይገባል። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ጓደኞቹን በሳቅ ያፈረሰበትን ታሪክ እንዳለ ይዞ ይወጣል፣ አዳራሹ ዝም ይላል፣ ሲወርድ «ሕዝቡ ቀልድ አይገባውም» ይላል። ሕዝቡ ይገባዋል። ያልተነገረውን ሊያውቅ ስለማይችል ብቻ ነው ዝም ያለው።

ሌላም በልምምድ ብቻ የሚመጣ ጥበብ አለ። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አፋን ኦሮሞም እንደዚያው ነው፤ አፋርኛም እንደዚያው። በባቲ ገበያ የሚነገሩት ሦስቱም ቋንቋዎች አድማጩን እስከ ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ አንጠልጥለው ያቆዩታል፤ ይህ ለቀልደኛ ትልቅ ስጦታ ነው። ችግር የሚመጣው የሚያስቀው ቃል ስም ሲሆን ነው። ስሙ ቀድሞ ይወጣና «ነው»፣ «ነበር»፣ «አለኝ» የሚሉት ከኋላ ተጎትተው ሳቁ ላይ ይተኛሉ። ተስፋዬ ካሳንና ክበበው ገዳን የመሰሉ ኮሜዲያኖችን ያዳመጠ ሰው እንደሚያስተውለው፣ የሠለጠነ አፍ ያንን ጭራ ይቆርጠዋል። ጥያቄ ይጠይቅና በአንድ ቃል ብቻ ይመልሳል፤ ወይም ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ የሚያስቀውን ቃል ብቻውን ያስቀረዋል። አንድ «ነበር» በመቆረጡ ቀልድ ሲነሣ፣ ባለመቆረጡም ሲወድቅ ጆሮ የሚለየው ያንኑ ቀልድ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ፊት ሲደግሙት ነው። ስለዚህ ጀማሪው አምስት ደቂቃውን በስልኩ ይቅዳ፣ ማታ ያዳምጥ፣ ሰው የሳቀበትንና ዝም ያለበትን ለይቶ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ወር አሻሽሎ ይምጣ። በየወሩ አዲስ ቀልድ ይዞ መምጣት የትጋት ምልክት ይመስላል፤ ለጀማሪ ግን ያንኑ ቀልድ ደጋግሞ ማረም የበለጠ ይጠቅመዋል።

ይህ ልፋት የጀማሪ ብቻ እንዳይመስለን። አሜሪካዊው ጄሪ ሳይንፌልድ በስሙ የሚጠራው የቴሌቪዥን ኮሜዲ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ በዓለም ከታወቁት ኮሜዲያኖች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት ለረጅም ጊዜ ሲያቀርባቸው የኖራቸውን ቀልዶች ለመጨረሻ ጊዜ አቅርቦ ተሰናበታቸውና ከባዶ ጀመረ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኮሜዲያን» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህን ሰው በኒውዮርክ ትንንሽ ቤቶች፣ በጥቂት ሰው ፊት፣ በእጁ ማስታወሻ ይዞ ሲታገል ያሳያል። አንድ ምሽት መድረክ ላይ ሐሳቡ ይጠፋበትና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፊልሙን ያየ የባቲ ልጅ ቢኖር፣ ዝም ባለ አዳራሽ ፊት መቆም ከሥራው የሚቆጠር መሆኑን ይረዳ ነበር።

እኛም ዘንድ ጀማሪ የሚወጣበት መሰላል ጠፍቶ አያውቅም ነበር። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበላል፤ የቤቱ ጨዋታ አዋቂ ሁሉ ከመቀመጫው ሳይነሣ መድረክ አለው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ በየቀበሌው፣ በየአውራጃውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። ዓላማቸው የመንግሥትን መፈክር ማዜም መሆኑን አልክድም። ሆኖም አንድ የገጠር ልጅ በቀበሌው ሰው ፊት ቆሞ፣ ተወዶ ወይም ተጠልቶ፣ ከዚያ ወደ አውራጃ የሚሻገርበት መንገድ ነበር። ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ ኪነት እነ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰን ያወጣው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ኮሜዲም በመድረክ ያደገ ሥራ ነው። አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ጥንድ ሆነው ሲቀርቡ አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ያስቃል፤ ያ መናበብ ተመልካች ፊት ካልሆነ የትም አይሰለጠንም። ከዚያ ካሴቱ፣ ቀጥሎ የበዓል ቴሌቪዥን መጣና እነዚህን ሰዎች ባቲ ድረስ አደረሰልን። ከባቲ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ግን ከቀበሌ ኪነት ጋር አብሮ ቀረ።

ዛሬ መንገዱ ስልኩ ነው የሚሉኝ አሉ። እሸቱ መለሰ ከመድረክ ስታንድአፕ ተነሥቶ በዩቲዩብ ምን ያህል ሰው ዘንድ እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቲክቶክ ላይም ከከሚሴም ከባቲም የሚያስቁ ልጆች አሉ። ስልኩን አልነቅፍም። ነገር ግን እሸቱ ስልኩ ላይ የመጣው መድረክን ካወቀ በኋላ ነው። በስልክ ያልሳቀልህ ሰው ጣቱን አንሸራቶ ያልፋል፤ ዝምታውን አትሰማውም፣ የት ላይ እንደሰለቸው አታውቅም። ከፊትህ የተቀመጠ ሰው ግን ሲሰለቸው ይተነፍሳል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ማውራት ይጀምራል። ኮሜዲያን የሚማረው ከዚህ ነው።

ጎረቤት ኬንያ ይህ ገብቷታል። ቸርችል በሚል የመድረክ ስሙ የሚታወቀው ዳንኤል ንዳምቡኪ ከትልቁ የቴሌቪዥን ዝግጅቱ ጎን ለጀማሪዎች «ቸርችል ሮው» የሚባል ሌላ መድረክ ከፈተ። ትልቁን ቀረጻም ከናይሮቢ አውጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ይወስድ ነበር። ኤሪክ ኦሞንዲን የመሰሉ ስማቸው ከሀገራቸው ያለፈ ኮሜዲያኖች በዚህ ቤት አልፈዋል።

የናይሮቢንም ሆነ የአዲስ አበባን አሠራር እንዳለ አንሥተን ባቲ ላይ ማስቀመጥ ግን አንችልም። በአዲስ አበባ የኪነ ጥበብ ምሽት ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ሆቴል ውስጥ ወይም መጠጥ ቤት ውስጥ ነው፤ የምሽቱን ወጪ የሚሸፍነው ቢራው ነው። ባቲና ከሚሴ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም የሆነባቸው ከተሞች ናቸው። መድረኩ በመጠጥ ቤት ከተከፈተ እናቶች አይመጡም፣ ሸሆች አይመጡም፣ ሴት ልጆች ቢመጡ ይታማሉ፤ የሚቀረው አንድ ዓይነት ተመልካች ነው፤ አንድ ዓይነት ተመልካች ደግሞ አንድ ዓይነት ቀልድ ያስለምዳል። ስለዚህ ቦታው አዳራሽ ይሁን፣ መጠጡ ቡናና ሻይ ይሁን፣ ሰዓቱ ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላ ሆኖ ከመግሪብ በፊት ይለቅ። ይህ ሰዓት ለበርጫው ሰው ትንሽ ይከብደዋል፤ ለአንድ ቅዳሜ ይቻለው። በረመዳን ወር መድረኩ ያርፋል።

ተዋናዩ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ በየትምህርት ቤቱ አለ። ሚኒ ሚዲያ የሚባለው ክበብ በሀገራችን ካሉት የጀማሪ መድረኮች ሁሉ ሰፊው ይመስለኛል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ወይም በእረፍት ሰዓት፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በድምፅ ማጉያ ግጥም፣ እንቆቅልሽ፣ ቀልድ ያነባል። የሚሰሙት ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ፀሐይ ላይ የቆሙ፣ ለመሳቅ የማይቸኩሉ ልጆች ናቸው። እነሱን ያሳቀች ተማሪ የትኛውንም አዳራሽ ትደፍራለች። ይህች ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ግን ማይኩ እዚያው ግቢው ውስጥ ይቀራል። ወርኃዊው መድረክ የመጀመሪያ ጥሪውን ለሚኒ ሚዲያ ክበቦች ያድርግ።

ሆን ብዬ «ይህች ልጅ» አልኩ። የወሎ ሴት በቡና ላይ፣ በሠርግ ዘፈን፣ በወዳጃ ዱዓ ዋዜማ ሽር ጉድ ስትጫወት ከወንዱ የማታንስ ብቻ ሳትሆን የምትበልጥ ናት። አደባባይ ላይ ግን ማይኩ ከወንዱ እጅ አይወጣም። መስከረም በቀለ ወንዶች በሞሉት የኮሜዲ መድረክ ስሟን አስጠርታለች፤ ሌሎችም ሊከተሏት ይገባል። የእኛ መድረክ መሪ የመጀመሪያዎቹን ተራዎች ለሴቶች ይስጥ፤ ሰዓቱን ቀን ያደረግነውም አንድም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ማን ላይ ነው የምንስቀው? በአማርኛ ኮሜዲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቀላሉ ሳቅ የሌላውን ብሔር አነጋገር ማስመሰል ነበር። አማርኛ የሚያደናቅፈውን የገጠር ሰው አቅርቦ ከተሜውን ማሳቅ። ይህ ሳቅ እዚህ ዋጋው ውድ ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አካባቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ባቲንም ከሚሴንም አንኳኩቶ ገብቷል። ከዚያ በፊትም በኋላም በአጣዬና በአካባቢው ጎረቤት ከጎረቤት ደም ተፋሷል። ሰው ዘመዱን ቀብሮ በመጣበት አዳራሽ ውስጥ በቋንቋው ላይ የሚያሾፍ ልጅ ጥበበኛ አይባልም። መፍትሔው ዝምታ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዝም ካልንማ መድረኩ ምን ያደርግልናል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ ከራስህ ቤት ጀምር። ኦሮሞው ስለ ኦሮሞ ሠርግ፣ አማራው ስለ አማራ ድግስ፣ አፋሩ ስለ ግመሉና ስለ መንጃ ፈቃዱ ይናገር። ሁሉም በሚያስቀው ቋንቋ ይናገር፤ ባቲ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ መጨረስ የዕለት ተዕለት ነገር ነውና አዳራሹ አይቸገርም።

ለቁሳቁሱ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ቆመው ወይም ቁጭ ብለው፣ ያዩትን የሰሙትን ከነዝርዝሩ ይነጋገራሉ። መንገዱ፣ ዝናቡ፣ ከብቱ፣ ማን የት እንዳለ አይቀርም። ያየውን አሳስቶ ያወራ ይወቀሳል። አንድ ኮሜዲያን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የትም አያገኝም፤ ሰው የሚስቀው በትክክል የታየን ነገር ሲሰማ ነውና። ሰኞ ደግሞ ገበያው ራሱ አለ። ከቆላው በግመል፣ ከደጋው በአህያና በአይሱዙ የመጣ ሰው ጨውና ማሽላ፣ ፍየልና ቅቤ ይዞ ይገናኛል። ሰልባጅ ሻጩ በሜጋፎን የማያውቀውን ሰው ከመንገዱ አቁሞ፣ አስቆ፣ ገዥ ያደርገዋል። ጀማሪ ሁሉ አንድ ሰኞ ሙሉ ከሰልባጅ ሻጭ ጎን ቆሞ ያዳምጥ። ያ ሻጭ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገሩ ካልያዘ እራቱን ያጣል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ቅዳሜ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። የወጣት ማዕከል ወይም የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ፣ ጀነሬተር ባይኖር በባትሪ የሚሠራ። ሠላሳ ሰው ከመጣ ሠላሳ ወንበር ብቻ ይዘርጋ፤ አጠገብ ለአጠገብ ይሁን፣ ፊተኛው ረድፍ ባዶ አይተው፤ ሳቅ በተራራቀ ወንበር መካከል ይሞታል። የክብር እንግዳ አይጠራ፣ ንግግር አይደረግ። መድረክ መሪው ደፋርና ደግ ሰው ይሁን፤ የወደቀውን ልጅ አስጨብጭቦ የሚያወርድ፣ በእሱ ላይ ግን ተረብ የማይወረውር። ከባቲ ከሚሴ ለመድረስ በኮምቦልቻ መዞር ስለሚያስፈልግ ሁለቱ ከተሞች በተለያየ ቅዳሜ ያድርጉት፤ ልጆቹ ትራንስፖርት እየተጋሩ ሁለቱም ጋ ይሞክሩ፣ በወር ሁለት መድረክ ያገኛሉ። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶቻችን የአዳራሹን ቁልፍ ይስጡን፤ ሌላ በጀት አንጠይቅም።

ከመጀመሪያው ወር ይልቅ የሚከብደው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቀን ግርግር አይኖርም፣ ወዳጅ ዘመድም ላይመጣ ይችላል። በዚያ ቀን መድረክ መሪው ዝርዝሩን ከመክፈቱ በፊት ባለፈው ወር አዳራሹ ዝም ያለበት ልጅ ስም ተጽፎ እንደሆነ ይይ። ካልተጻፈ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጥራው።