ጄኔሬተር ያለው ሁሉ መብራት አለው ወይ?



በከተማችን በጃጁራ መብራት በጠፋ ቁጥር ከየሱቁ ደጃፍ የጄኔሬተር ድምፅ ይነሣል። ፎቶ ኮፒ አንሺው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው ሁሉ ሥራው እንዳይቆም ይጥራል። ይህ ትጋት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሞተር መጮህና ትክክለኛ ኤሌክትሪክ ማግኘት አንድ አይደሉም። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ያለኝን አስተያየት ለመግለጽ እወዳለሁ።

አንዳንድ ሰው «ከእንግዲህ ወዲያ ስለ ጄኔሬተር መጨነቅ ምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ በምዕራብ በኩል በሚያዋስነን በኦሞ ወንዝ ላይ 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆልናል። ይሁን እንጂ ኃይል መመንጨቱ አንድ ነገር፣ እስከ ቤት መድረሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ነፋስ ዛፍን በመስመር ላይ ሲጥል ወይም ትራንስፎርመር ሲቃጠል የግድቡ ትልቅነት ብቻውን መብራታችንን አይመልስልንም። ስለዚህ ለመጠባበቂያው ማሰብ ብልህነት እንጂ ተስፋ መቁረጥ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ እንቆቅልሽ የሚመስል ነገር ልግለጽ። ጄኔሬተሩ እየሠራ ሳለ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዘው ዩ.ፒ.ኤስ. ሲጮህና ቀጭ ቀጭ ሲል፣ በመጨረሻም ባትሪው አልቆ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ በአንድ ሱቅ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ባለቤቱ ዩ.ፒ.ኤስ. ተበላሸ ብሎ ሌላ ገዛ፤ አዲሱም እንደ ፊተኛው ሆነ። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ እንደሚከተለው ነው።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህም 50 ሄርዝ ይባላል። የተለመደው ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ይህን ለማግኘት በደቂቃ 3,000 ጊዜ መዞር አለበት። ፎቶ ኮፒው ወይም ካውያው በድንገት ሲጫንበት ሞተሩ ይደክማል፤ ዙሩ ወደ 2,820 ቢወርድ ኤሌክትሪኩም ወደ 47 ሄርዝ ይወርዳል። ወፍጮ ቢሆን ኖሮ ጥቂት ቀስ ብሎ ይፈጭ ነበር። ዩ.ፒ.ኤስ. ግን ከተወሰነለት ልክ ያለፈውን ኤሌክትሪክ አልቀበልም ብሎ በባትሪው መሥራት ይጀምራል። ሞተሩ እየጮኸ ባትሪው የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስታብላይዘር ቢጨመርበትም ቮልቱን ያስተካክል እንደ ሆነ እንጂ ምልልሱን አያስተካክልም።

መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ሳይሞቅ ምንም ዕቃ አለመሰካት፤ ከመጥፋቱም በፊት አስቀድሞ ዕቃዎቹን መንቀል። ሁለተኛ፣ የጄኔሬተሩ ጉልበት ከሚጫንበት ቢያንስ እጥፍ እንዲሆን ማድረግ፤ ምጣድና ካውያን ከኮምፒዩተር ጋር አለማገናኘት። ሦስተኛ፣ የሞተሩን ፍጥነት በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ በባለሙያ ማስተካከል። አዲስ የሚገዛ ሰው ደግሞ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ ኢንቨርተር ያለውን ጄኔሬተር ቢመርጥ ይጠቀማል፤ ሞተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም የሚያወጣው ኤሌክትሪክ የተስተካከለ ነውና።

እኔ ግን ከዚህ አልፌ የምለው አለኝ፤ ይኸውም ገንዘባችን ጥቂት ከሆነ ከትልቅ ጄኔሬተር ይልቅ ትንሹን ከባትሪ ጋር ብናጣምር ይሻላል ነው። ሒሳቡ እነሆ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በላይ ባይራቆት መልካም ስለ ሆነ 600 ዋት ሰዓት ብቻ እንጠቀም። አንድ ላፕቶፕና ጥቂት አምፖሎች 60 ዋት ቢወስዱ በመለወጥ የሚባክነው ተቀንሶ ወደ 8 ሰዓት ያህል ያገለግላሉ። ሞተሩ ቀን ለከባዱ ሥራና ባትሪ ለመሙላት ይነሣ፤ ሌሊቱን ባትሪው ይሸከም። ያን ጊዜ ቤንዚን ይቆጠባል፤ የሚያጠናም ልጅ ጸጥታ ያገኛል። ባትሪ ውድ ነው የሚሉም አልታጡም፤ ነገር ግን ለአንድ አምፖል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ማስነሣት ከዚያ የበለጠ ውድ ነው።

ከገንዘብ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሰው ሕይወት ነው። የሞተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ አለበት፤ ስለዚህ ጄኔሬተር በቤት ውስጥ፣ በኮሪደርም ሆነ በመስኮት ሥር ፈጽሞ መነሣት የለበትም። ዝናብ ነው፣ ሌባ ይወስደዋል ማለት ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛው አደጋ የጄኔሬተሩን ሽቦ በግድግዳ ሶኬት ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ማብራት ነው። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ተመልሶ ወደ ትራንስፎርመሩ ሲደርስ ወደ 15 ሺህ ቮልት ከፍ ሊል ይችላል፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛም በእኛ ምክንያት ይሞታል። ከዋናው መስመር ሳይለይ ወደ ጄኔሬተር የማያዞር መቀያየሪያ በባለሙያ ማስገባት ግን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። እኛም በኮምፒዩተር ካልተለማመድን በፈተና ቀን የምንታገለው ከጥያቄው ጋር ሳይሆን ከመሣሪያው ጋር ይሆናል። ስለዚህ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ለትምህርት ቤታችን ጄኔሬተር ሲያስብ መቀያየሪያውን፣ ባትሪውንና በጥንቃቄ የሚይዘውን ሰው አብሮ እንዲያስብ በአክብሮት አሳስባለሁ። ይህ ሳይሟላ ሞተሩ ብቻ ቢመጣ ጩኸት እንጂ ትምህርት አይጨምርልንም። አባቶቻችን «ካያያዝ ይቀደዳል፤ ካነጋገር ይፈረዳል» ያሉት ለጄኔሬተርም ይሠራል።