ከሲያትል ፖርትላንድ በሳይክል፦ ሁለት ቀን ይሁን

ማኅበራችን በመጪው ጁላይ ከሲያትል እስከ ፖርትላንድ በሳይክል የሚጓዝ ቡድን ሊያቋቁም ወስኗል። ውሳኔው ደስ ብሎኛል፤ ስማቸውን ካስመዘገቡት 11 ሰዎች አንዷ ነኝ። የማልስማማው ከዚያ በኋላ በቡድኑ ቻት ላይ በተነሣው ሐሳብ ነው፤ 206 ማይሉን (330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) በአንድ ቀን እንጨርሰው በሚለው። ሐሳቡ ብዙ «ላይክ» አግኝቷል። ምክንያቱ ደግሞ አጭር ነው፦ «አበሻ አይደለን እንዴ?»

እስቲ ከእሱ ልጀምር። የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ልጆች መሆናችን እኔንም ያኮራኛል። ነገር ግን ሦስቱም የወጡባቸው በቆጂና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እኛ ያደግነው ባሕር ዳር ነው። (ጣና ዳር ያለችውን ማለቴ አይደለም። እሷ ጋ አድገን ቢሆን ኖሮ ሳይክል መንዳቱን ባልተውነው።) ደጋ የኖረ ሰው ደም ውስጥ የጨመረው ቀይ የደም ሕዋስ እንኳ ሰውየው ቆላ ከወረደ በሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ወላጆቻችን ከደጋ ይዘውት የመጡት ካለም ቦሌ አውሮፕላን ላይ ሲሳፈሩ መመለስ ጀምሯል ማለት ነው። የሳይክል ጀግና ካስፈለገን መቀሌ ያደገው ጽጋቡ ግርማይ አለ፤ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በ2024 እዚያው ውድድር ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ ዳገት ሲወጡ ነው የኖሩት። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ሶፋ ላይ ሆነን የሌላ ሰው ሩጫ ስናይ ነው የኖርነው።

ጉዞውን ለማታውቁት፦ ካስኬድ የሚባለው የሳይክል ክለብ የሚያዘጋጀው ሲሆን የተጀመረው በ1979 ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሳተፋል፤ አብዛኛው በሁለት ቀን ነው የሚጨርሰው። መንገዱ በኬንትና በፒያለፕ አድርጎ፣ የልምና ቴናይኖን አልፎ፣ ግማሹ ላይ ሴንትራሊያ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ኮሎምቢያ ወንዝ ወርዶ ድልድዩን ሲሻገር ኦሪገን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አብዛኞቻችን በደንብ ከተለማመድን በሰዓት 14 ማይል እንነዳለን። 206ን ለ14 ስናካፍል ፔዳል ላይ ብቻ ወደ 15 ሰዓት ይሆናል። ለምግብ፣ ለሽንት ቤትና ለፈነዳ ጎማ ሁለት ሰዓት እንጨምርበት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ብንነሣ የምንደርሰው ማታ 10 ሰዓት ነው፤ በዚያ ወቅት ፖርትላንድ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 9 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ መጨረሻውን፣ ሰውነት በዛለበትና ዓይን በደከመበት ሰዓት፣ በጨለማ ከመኪና ጋር ነው የምንነዳው ማለት ነው። በሁለት ቀን ከሆነ ግን በቀን 103 ማይል ነው። ቀላል አይደለም፤ ግን ሥራ እየሠራ የሚማር ሰው በአምስት ወር ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው።

ከ11ዳችን ስምንታችን ተመላሾች ነን። ልጅ ሳለን ነድተናል፤ ሃይስኩል ስንገባ ሳይክሉ ጋራዥ ገባ። የቤት ሥራ በዛ፣ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት አለ፣ ከዚያ መንጃ ፈቃድ መጣ። እኔ ከአምስት ዓመት በኋላ ባለፈው ኦገስት ነው የተመለስኩት። ተመላሽ ከጀማሪ የሚለይበት ነገር አለ፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ሚዛን መጠበቅ አይረሳም፤ አንጎል ለዓመታት ይይዘዋል። ልብም ቶሎ ይመለሳል። ልምምድ በተጀመረ በአንድ በሁለት ሳምንት በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፣ ባለፈው ሳምንት ያስለከለከ ዳገት ይቀላል። በዚህ ጊዜ ሰው «በቃ፣ ተመልሻለሁ» ይላል። ጅማት ግን ገና አልሰማም። ጅማትና መገጣጠሚያ የሚጠነክሩት በወራት እንጂ በሳምንታት አይደለም። ጀማሪን ትንፋሹ ራሱ ያቆመዋል፤ ተመላሽን የሚያቆመው ጉልበቱ ነው፤ እሱም ከተጎዳ በኋላ። ለዚህ ነው አሁን፣ በፌብሩዋሪ፣ በቅዳሜ 15 ማይል እንጀምር የምለው። በየሳምንቱ አሥር በመቶ ገደማ እየጨመርን፣ በየአራተኛው ሳምንት ቀለል እያደረግን፣ በሜይ መጨረሻ 60 ማይል እንደርሳለን። በሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጁን ላይ አንድ ጊዜ ቅዳሜ 60 ነድቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ 40 መድገም ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሁለት ቀን ጉዞ ፈተናው ሁለተኛው ጠዋት ላይ ነው።

ሳይክሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በ14 ዓመታችሁ የተገዛው ሳይክል ዛሬ አይሆናችሁም፤ ቁመታችሁ ተለውጧል። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበት ከፊት ያማል፣ ከፍ ካለ ከኋላ። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከደነዘዙ መዳፍ ላይ ያለው ነርቭ ተጭኗል ማለት ነው፤ እጅ ማቀያየርና ወፍራም ጓንት ይረዳል፣ ካልተሻለ የመሪው ከፍታ ይስተካከል። ስለ መቀመጫ ካነሣን፣ አማርኛ የሳይክሉንም የእኛንም መቀመጫ ነው የሚለው፤ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ለዚህ መድኃኒቱ ስፖንጅ መደራረብ አይደለም። ለሳይክል የተሠራ ቁምጣ (ከውስጡ ሌላ ነገር ሳይለበስ)፣ የቆዳ መፋተግን የሚከላከል ቅባት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀስ በቀስ መልመድ ነው። ይህን በአንድ ወር ማካካስ አይቻልም።

በቻቱ ላይ «ጾሙስ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የልምምዱ መጀመሪያ ላይ ይወድቃል። የሰኔ ጾም ደግሞ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ይህም ጁላይ 12 ነው፣ ጉዞው በሚደረግበት ሰሞን ማለት ነው። እኔ ግን ጾሙ የሚባለውን ያህል እንቅፋት አይመስለኝም። ቅዳሜና እሑድ ከፍስክ ምግብ እንታቀባለን እንጂ፣ ከቀዳም ስዑር በስተቀር፣ እስከ ሰዓት ድረስ ከእህልና ከውኃ አንከለከልም። ረጅሙ ልምምድ ደግሞ ቅዳሜ ነው። የሳምንቱን አጭር ልምምድ ከተፈታ በኋላ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ ማታ ማድረግ ይቻላል። ጥያቄ ያለው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ እኔ የምማረው ነርስነት ነው፣ ቅስና አይደለም። ረመዳን የሚጾሙ ሁለት ጓደኞቻችንም በዚያ ወር ረጅሙን ጉዞ ቢያቆዩት ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ ውሎ ሦስት ሰዓት መንዳት ከምን እንደሚቆጠር አላውቅም፤ ከልምምድ ግን አይቆጠርም።

ምግቡማ የእኛው ነው። ጡንቻና ጉበት የሚያከማቹት ስኳር ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ያስፈልጋል። ሱቅ ላይ ለዚህ የሚሸጠው ጄል ውድ ነው፣ ጣዕሙም የሳል ሽሮፕ ይመስላል። አያቶቻችን ለረጅም መንገድ በሶ ይዘው ይወጡ የነበሩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በሶውን በስኳርና በጨው አሽቼ፣ ድብልብል አድርጌ፣ በፎይል እጠቀልለዋለሁ፤ የማልያ ኪስ ውስጥ አይቀልጥም። ከቴምርና ከሙዝ ጋር ለ40 ማይል አብቅቶኛል። ማስጠንቀቂያው፦ ገብሱ ቃጫ አለው፣ ብዙ ከተበላ ሆድ ይነፋል። ስለዚህ የጉዞው ቀን ሳይሆን አሁን ሞክሩት። ቆሎ ግን እየነዱ አይበላም፤ ሲያስነጥስ ታያላችሁ።

ውኃ ላይም የእናቶቻችንን «ጠጪ፣ ጠጪ» ትንሽ እናርመው። ላብ ጨውም ይዞ ይወጣል። ለብዙ ሰዓታት ባዶ ውኃ ብቻ ከመጠን በላይ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀንሳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ይመጣል፤ ሲብስ የሚጥልና ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ስለ ኤሌክትሮላይት ስንማር ብዙ ተማሪ የገረመው ይህ ነበር፤ ምልክቱ ከውኃ ጥም ጋር ስለሚመሳሰል ሰዉ ተጨማሪ ውኃ ይሰጠዋል። ሲጠማችሁ ጠጡ፣ ከሁለቱ ጠርሙስ በአንዱ ውስጥ ጨው ያለበት ነገር ይኑር።

ለሴቶቹ ደግሞ አንድ የግል ምክር፤ ከልምምዱ በፊት የተማሪዎች ክሊኒክ ሄዳችሁ ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን ተመርመሩ። የወር አበባ፣ ረጅም ጾምና ብዙ ልምምድ ሲገናኙ የብረት ማዕድን ሊያልቅ ይችላል፤ ድካሙንም «ስንፍና» ነው ብለን እናልፈዋለን። ጤፍና ምስር ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ሰውነት ያንን ብረት እንዳይወስድ ያደርጋል። ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት፣ ከምስሩ ጋር ቲማቲም ወይም ሎሚ መጨመር ይረዳል። ቡና ተው እያልኩ አይደለም። እንዲህ ብል ቤት አያስገቡኝም።

ስለ መንገድም ቤተሰብ የሚያነሣው ፍርሃት አለ፤ እውነትም አላቸው። አባቶቻችን ታክሲና ኡበር ሲነዱ፣ ከፊታቸው የገባውን ሳይክል ሲራገሙ ሰምተን ነው ያደግነው። አሁን ያ ሳይክል ላይ ያለችው ልጃቸው ናት። አባቴ ሐሳቡን የቀየረው ስለከራከርኩት አይደለም፤ በርክ ጊልማን በሚባለው መንገድ መኪና ዝር ሳይል እስከ ቦተል፣ ከዚያም በሳማሚሽ ወንዝ ዳር እስከ ሬድመንድ መድረስ እንደሚቻል ሲያይ ነው። እስከ ኤፕሪል እዚያ መለማመድ ይበቃናል። ሬኒየር አቬኑ ላይ፣ ቤታችሁ እዚያው ቢሆንም፣ አትለማመዱ፤ በአደጋው የታወቀ መንገድ ነው። ከኤፕሪል በኋላ ግን ከመኪና ጋር መንዳትን፣ በሰልፍ መንዳትን፣ በእጅ ምልክት ማሳየትን መልመድ ግድ ነው፤ ጉዞው ላይ አብዛኛው መንገድ ከመኪና ጋር የሚጋሩት ነው። ክሊኒካል ያለብን ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ ወጥተን በቀጥታ ሳይክል ላይ አንውጣ። እንቅልፍ ያጣ ሰው መኪና እንዲነዳ አንፈቅድም፤ ይህም ከዚያ አይለይም።

የአንድ ቀን ደጋፊዎች ሌላው ክርክር ገንዘብ ነው፤ የሚሰበሰበው ለተማሪዎች መርጃ ስለሆነ ለማደሪያ አናውጣ የሚል። ሴንትራሊያ ላይ ሆቴል የግድ አይደለም፤ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ ብዙ ናቸው፣ ድንኳን ያላቸው ቤተሰቦችም አሉን። አንድ ቀን ይሁን ብንል ግን ከ11ዳችን የሚቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ሃይስኩል ውስጥ በቡድን የሮጡ ወንዶች። ቅዳሜ ማታ የምትሠራዋ፣ ሳይክል ከተበደረ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ፍሬሽማን፣ በ38 ዓመታቸው የተመዘገቡት የቀድሞ ተማሪያችን፣ እኔም ጭምር፣ ከመኪና ሆነን ውኃ የምናቀብል እንሆናለን። ሦስቱ በጣም ጎበዞች ናቸው፤ በራሳቸው ስም በአንድ ቀን ቢሄዱ ቆሜ አጨበጭባለሁ። የማኅበሩን ማሊያ የሚለብሰው ቡድን ግን በሁለት ቀን ይሂድ።

ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። የመጀመሪያው ልምምድ ደግሞ ድምፁ በየትኛውም ወገን ቢወድቅ ቅዳሜ ይጀመራል፤ ከጠዋቱ 9 ሰዓት በፈረንጅ፣ በርክ ጊልማን ላይ ከዩኒቨርሲቲው ስታዲየም አጠገብ፣ ሄደን መመለሱ 15 ማይል ነው። ሄልሜት፣ ትርፍ ካላማዳሪያና ጎማ መንፊያ ያዙ። ዝናብ ከሆነም አለሁ፤ ሲያትል ዝናቡ እስኪያቆም የሚጠብቅ ሰው ጁላይ ነው የሚጀምረው። በሶው ከእኔ ነው።