ኅዳግ ያለው ሥዕል

ቁም ጸሐፊ ብራናውን መጻፍ ሳይጀምር አስቀድሞ ዳሩን በወስፌ ወግቶ ያሰምረዋል። ፊደል የሚገባበትን ዐምድ ከለየ በኋላም ከላይና ከታች፥ ከግራና ከቀኝ ያለውን ቦታ ባዶውን ይተወዋል። ይህም ቦታ ኅዳግ ይባላል፤ ኀደገ ማለት በግእዝ ተወ ማለት ነውና። እንግዲህ ኅዳግ ታስቦና ተለክቶ የተተወ ቦታ ነው እንጂ በቸልታ የቀረ አይደለም። የብራናው ዳር ከእጅ ብዛት ቢያድፍ ፊደሉ የሚተርፈው፥ የአንባቢውም ዐይን መስመሩን ሳይስት የሚከተለው በእርሱ ምክንያት ነው።

ይህን ያነሣነው ዛሬ በየቤቱ ለሚሠራ ሌላ ሥራ ስለሚጠቅም ነው። ሚድጆርኒና ስቴብል ዲፊውዥን የተባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በ2014 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈቱ ወዲህ፥ ጥቂት ቃል የጻፈ ሁሉ ሥዕል ለማሠራት ችሏል። ወጣቶቻችንም በዚህ መንገድ ሥዕል እያሠሩ በላዩ የሠርግ ጥሪ፥ የተዝካር ማስታወቂያ፥ የጉዞ ጥሪ ይጽፉበታል። ነገር ግን ሥዕሉ ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ስለሚመጣ፥ ለጽሑፉ የሚሆን ቦታ ይታጣል።

ምሳሌ እናንሣ። የካቲት 16 ቀን ለሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ ጉዞ ተዘጋጀ እንበል። ጥሪውን የሚያዘጋጀው ወጣት «ጣና ሐይቅ፥ ታንኳ፥ ደሴት፥ ገዳም፥ ሸምበቆ፥ ወፎች፥ ምእመናን» ብሎ ያዝዛል። መሣሪያውም የተጠራውን ሁሉ ሰብስቦ ያመጣል። ወጣቱ ጀልባው የሚነሣበትን ሰዓት በወፎቹ ክንፍና በሸምበቆው ላይ ለመጻፍ ይገደዳል። ዐይናቸው የደከመ አንዲት እናት ጥሪውን በልጅ ልጃቸው ስልክ ያያሉ፤ ከ12 ላይ 1 ቁጥሯ ከሸምበቆው ጋር ተመሳስላ ስለምትጠፋባቸው «2 ሰዓት» ብለው ያነባሉ። በማለዳ ተነሥተው ወደቡ ሲደርሱ ጀልባው ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ዓመት ሙሉ ያሰቡት ስለት በእጃቸው እንደ ያዙት ወደ ቤት ይመለሳሉ። የሥዕሉ ማማር ለእርሳቸው ምን ረባቸው?

ሥዕሉ ስለ ምን እንዲህ እንደሚሞላ ማወቅ ይገባል። እነዚህ መሣሪያዎች የተማሩት እጅግ ብዙ ሥዕሎችን ከየመግለጫቸው ጋር በማነጻጸር ነው። መግለጫ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ያለውን ይናገራል እንጂ የሌለውን አይቈጥርም፤ «ታንኳ በሐይቅ ላይ» ይላል እንጂ «ወፍ የለም፥ ሰው የለም» አይልም። ስለዚህ መሣሪያው የነገሮችን ስም በሚገባ ሲያውቅ፥ አሉታን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። «በሰማዩ ላይ ወፍ አታድርግ» ቢሉት ወፍ የሚለውን ስም ይዞ ወፍ ሊያመጣ ይችላል። አዲሶቹ ከፊተኞቹ ይሻላሉ፤ ሚድጆርኒም የማይፈለገውን ነገር ለይተው የሚያመለክቱበት መንገድ አለው። ቢሆንም «ባዶ ተው» ብሎ ብቻ መተማመን አይበቃም።

መፍትሔው ባዶውን ቦታ እንደ አንድ ነገር በስሙ ጠርቶ ማዘዝ ነው። በዚህ ረገድ የጣና ዳር ሰው ዕድለኛ ነው። ሐይቁ ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ስለ ሆነ፥ ሰፊ ውኃና ሰፊ ሰማይ በየማለዳው በፊቱ አለለት። ስለዚህ ወጣቱ እንዲህ ብሎ ቢያዝዝ ይሻለው ነበር፦ «የጣና ሐይቅ በንጋት፥ ከሩቅ የታየ። አንዲት ትንሽ የደንገል ታንኳ በቀኝ በኩል በታችኛው ማዕዘን፤ ቀዛፊው ፊቱን ወደ ግራ አድርጎ። በዙሪያው የረጋ ውኃ። ከሥዕሉ ከሦስት እጅ ሁለቱ፥ ላይኛው ክፍል፥ ነጣ ያለ አንድ ወጥ የጭጋግ ሰማይ።»

በዚህ ትእዛዝ አራት ነገር እናስተውል። አንደኛ፥ ባዶው ቦታ ጭጋግና ውኃ የሚል ስም አግኝቷል። ሁለተኛ፥ የታንኳዪቱ መጠንና ስፍራ ተወስኗል፤ ስፍራው ያልተወሰነ ነገር መካከሉን ይይዛልና። ሦስተኛ፥ ቀዛፊው ወደ ባዶው ወገን ስለሚመለከት፥ ቦታው የጐደለ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተተወ መስሎ ይታያል። አራተኛ፥ ሰማዩ አንድ ወጥና ፈዛዛ ስለ ሆነ ጥቁር ፊደል ጐልቶ ይነበብበታል። ከዚህም ሁሉ በፊት የሥዕሉን ቅርጽ መምረጥ ይገባል፤ ለስልክ ቁመቱ የረዘመ፥ 9 በ16፥ ለአዳራሽ መጋረጃ ደግሞ ጐኑ የሰፋ፥ 16 በ9። በኋላ ሲቈረጥ መጀመሪያ የሚሄደው ኅዳጉ ነውና።

ፊደሉን ራሱን ግን ለመሣሪያው አንተውለት፤ የግእዝን ፊደል ብዙ ጊዜ አጣሞ ያወጣዋል። ቁም ጸሐፊ የመጽሐፉ ባለቤት ስም የሚገባበትን ቦታ ክፍት ትቶ በኋላ እንደሚሞላው፥ እኛም ቦታውን አስተውተን ቀኑንና ሰዓቱን በገዛ እጃችን እንጻፍ።

ምናልባት አንድ አንባቢ «የዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ አይደለምን?» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ መሞላቱም ተገቢ ነው። ያ ግድግዳ ቆሞ እየዞረ ለሚመለከት ሰው ታሪክን በየተራው የሚያስተምር ነው። የጥሪ ወረቀት ግን በአንድ አፍታ ታይቶ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ቦታውን መናገር አለበት። እንግዲህ ባዶ ቦታ ሁልጊዜ ከሙሉ ይበልጣል አንልም፤ ሥዕሉ የሚሠራው ለምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ እንላለን።

ስለዚህ፥ ወጣቶች ሆይ፥ ጥሪውን ወደ ሰዉ ከመላካችሁ በፊት በቤታችሁ ላሉት አያት አሳዩአቸው። ሥዕሉ ያምር እንደ ሆነ አትጠይቋቸው፤ «ጀልባው በስንት ሰዓት ይነሣል?» በሏቸው። መነጽራቸውን ሳይፈልጉ ከመለሱላችሁ ላኩት፤ ካልመለሱላችሁ ግን ሰማዩን ሰፋ አድርጋችሁ እንደ ገና እዘዙ።