ውፍረት ክብር አይደለም፤ ክሳትም ነውር አይደለም

በአገራችን ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚሰጠው ፍርድ ስለ ሰውነቱ ነው። የወፈረውን «ተመችቶሃል፤ አምሮብሃል» እንለዋለን፤ የከሳውን «ምነው፣ ምን ነካህ?» ብለን እናስደነግጠዋለን። ቦርጭ የደመወዝና የማዕረግ ምስክር፣ ክሳት ግን የችግር ወይም የተደበቀ በሽታ ምልክት ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ረኀብን ብዙ ጊዜ ባየ ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ያለ አስተሳሰብ መፈጠሩ አያስደንቅም። ነገር ግን የስኳር በሽታ ብዙ ቤት በገባበት በዛሬው ዘመን ይኸው ልማድ ሰው እየጐዳ ስለ ሆነ፣ ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ጥቂት ለመናገር እንወዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ በአንድ ስም «ስኳር» ብለን የምንጠራው አንድ በሽታ ብቻ አለመሆኑ ነው። ኢንሱሊን ከቆሽት የሚመነጭ፣ ስኳር ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው አካል እንዲገባ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። በአንደኛው ዓይነት በሽታ ይህን ሆርሞን የሚሠሩት ሕዋሳት ስለሚጠፉ በሽተኛው ያለ ኢንሱሊን መርፌ መኖር አይችልም። በ1922 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን ክብደቱ 30 ኪሎ እንኳ የማይሞላ ልጅ ነበረ። ለእርሱ ክብደት መጨመር ማለት መዳን ማለት ነበረ።

በሁለተኛው ዓይነት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢንሱሊን ጨርሶ አይጠፋም፤ ሰውነት አልታዘዝ ይለዋል እንጂ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስወርዝ ይህን ልዩነት በ1936 አሳይቷል። ዛሬ ደግሞ ምክንያቱ ይበልጥ ታውቋል። ትርፍ ስብ በጉበት ሲከማች ጉበት ያለ ልክ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ በቆሽት ሲከማች ደግሞ ቆሽት በቂ ኢንሱሊን ማውጣት ይሳነዋል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት በሽታ ክብደት የመልክ ጉዳይ ሳይሆን አንዱ የበሽታው ሥር ነው።

ይህም በወሬ የቀረ አይደለም። በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ተደርጎ በ2017 ውጤቱ በታተመው ጥናት 306 ሰዎች ተካፍለዋል፤ ሁሉም ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያላለፈ፣ ኢንሱሊንም የማይወስዱ ነበሩ። ግማሾቹ በሐኪም ጥበቃ ለጥቂት ወራት በቀን ከ850 ካሎሪ ገደማ የማያልፍ ምግብ ብቻ ወሰዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከእነዚህ ከመቶው 46 የሚሆኑት ያለ አንዳች መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ወሰን በታች ወረደ፤ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት ግን ይህን ያገኙት ከመቶው 4 ብቻ ነበሩ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ የቀነሱትን ለይተን ብናይ ቁጥሩ ከመቶው 86 ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት 46 የነበረው ወደ 36 ዝቅ ማለቱ ደግሞ ክብደቱን ከቀነሱ በኋላ መጠበቅ ራሱን የቻለ ትግል መሆኑን ያስረዳል።

በሽታው ገና ላልያዘው ሰው ትርፉ ከዚህም ይቀልላል። በአሜሪካ 3,234 ሰዎች የተካፈሉበትና በ2002 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከክብደታቸው ከመቶ 7 ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የተጣጣሩት ሰዎች በበሽታው የመያዛቸው ዕድል ከመቶ 58 ቀንሷል። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የዋጡት ግን ከመቶ 31 ብቻ ነው የቀነሰላቸው። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ማለት ስድስት ኪሎ የማይሞላ ክብደት መጣልና በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ለዚህ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

ታዲያ «ወፍራም ሁሉ ይክሳ» ብለን ነገሩን እንዝጋው? አይደለም። በአገራችን፣ በተለይም በገጠር፣ የስኳር በሽተኛው ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። በልጅነቱ በቂ ምግብ ሳያገኝ ያደገ ሰው የሚይዘውን የስኳር በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን ከዝርዝሩ አወጣው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። እንዲህ ላለው ሰው «ምግብ ቀንስ» የሚል ምክር መድኃኒት ሳይሆን ቅጣት ነው።

እንደዚሁም «ቀጭን ስለ ሆንኩ አያገኘኝም» ማለት ከንቱ መመካት ነው። ወደ እስራኤል የፈለሱ ኢትዮጵያውያን አገሩን በረገጡ ጊዜ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ ኑሯቸውና ምግባቸው ከተለወጠ በኋላ ግን በብዛት ያዛቸው። በዚያው አገር ተደርጎ በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ በሽታው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በእነርሱ ላይ መብዛቱን በውፍረት ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል አሳይቷል። እንግዲህ ሌላው ሕዝብ ገና «ወፈርኩ» ከማይልበት ክብደት ላይ እኛ ልንታመም እንችላለን ማለት ነው። ስለዚህ ሚዛን ብቻ አይበቃም፤ ወገብን በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት፣ ደምንም ማስመርመር ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሕዝብ በሚራብበት አገር ስለ ውፍረት መናገር ቅንጦት ነው» ይሉ ይሆናል። ቅንጦት የሚሆነው አንዱን ችግር አይቶ ሌላውን መርሳት ነበር። ረኀቡም ጥጋቡም ዛሬ በአንድ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት ይገኛሉ፤ ሁለቱም የስኳር በሽታ ያመጣሉ። ኢንሱሊንም ለድኻ ቤት ውድ ነው። በእግር መሄድና ልክን አውቆ መብላት መድኃኒቱን ሊቀንስለት የሚችል ሰው ይህን ሳይነገረው ቢቀር በደሉ የማን ነው?

ከሁሉ የሚያሳዝነን ደግሞ በሽተኛው በእኛ በጤነኞቹ ምላስ መጐዳቱ ነው። ሐኪሙ አዝዞት ክብደቱን የሚቀንሰው ሰው «ከሳህ፣ አለቅህ» ሲባል አፍሮ ይተወዋል። ኢንሱሊንና ግሊበንክላማይድ ክብደት የመጨመር ጠባይ ስላላቸው፣ «ወፈርሽ» የተባለችው ልጅ መርፌዋን በድብቅ ብትዘል ሕይወቷን አደጋ ላይ ትጥላለች። ሌላው ደግሞ እነዚህኑ መድኃኒቶች እየወሰደ ሐኪም ሳያማክር ምግብ ሲቀንስ ወይም ሲጾም ስኳሩ ድንገት ወርዶ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ይስታል። በማዕድም «በሞቴ፣ አንድ ጉርሻ!» እያልን የምናስገድደው ለፍቅር ብለን ነው፤ ነገር ግን በቃኝ ያለን ሰው ማመን ከፍቅር አይቈጠርም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እንዲደብቅ የምናስገድደው ግን እኛው ነን።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲፈጽም እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በተማሪዎች ክሊኒክ ማንም ሳይጠየቅ የሚለካበት ሚዛንና ሜትር ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ የሕክምና ተማሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ የተማሪውን፣ የመምህሩን፣ የወጥ ቤት ሠራተኛውንና የዘበኛውን ክብደት፣ ወገብና የደም ስኳር የሚለኩበት ቀን ይወሰን፤ ውጤቱም ለባለቤቱ ብቻ ይነገር። ሦስተኛ፣ በምግብ ቤታችን ሻይ ስኳሩ አስቀድሞ ተበጥብጦ መቅረቡ ቀርቶ ስኳሩ ለብቻው ይሰጥ። ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ውሃ የሚጠማውና ለሽንት የሚመላለስ ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ በሹክሹክታ ከማማት ይልቅ እጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ይህን ለማድረግ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሰውን ሰውነት ባየን ቍጥር ክብርና ነውር መስጠታችንን ትተን፣ ክብደት ለእያንዳንዱ ሰው እንደ በሽታው ዓይነት የተለየ ትርጕም እንዳለው ማወቅ ነው። የተማርነው ይህን ለመለየት ካልሆነ ለምን ኖሯል?